ጥያቄ ከጅማ፦ ለቤት ኢንተርኔት የትኛው ሞደም ይሻላል?

ጥያቄው፦ «ቤታችን ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ነው። በመደበኛ ስልክ መስመር የገባ ኢንተርኔት አለን። ዝናብ ሲጥል ይቆራረጣል፤ ከኋላ ላሉት ሰርቪስ ክፍሎች ደግሞ ዋይፋዩ አይደርስም። መርካቶ አንድ ሱቅ ባለ አራት አንቴና ሞደም አሳይተውኛል። አሜሪካ ያለው ወንድሜም ‹እኔ ልላክልሽ› ይለኛል። በሰፈራችን ፋይበር ሊገባ ነው ሲባልም እሰማለሁ። የቱን ልምረጥ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ለጊዜው ገንዘብዎን ይያዙ፤ ወንድምዎም ትንሽ ይጠብቁ። የገለጹት ችግር አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ዝናብ ሲጥል የሚያስቸግረው መስመሩ ነው፤ ከኋላ ክፍሎች ያልደረሰው ደግሞ ዋይፋዩ ነው። መድኃኒታቸው ለየቅል ስለሆነ አንድ ሞደም ቀይረው ሁለቱንም የማዳን ዕድልዎ በጣም ጠባብ ነው። ሞደም በአንቴና ብዛት ወይም በዋጋ አይመረጥም፤ የሚመረጠው እቤት ድረስ በመጣው መስመር ዓይነት ነው።

ሱቅ ውስጥ መብራት የሚያበራ ሳጥን ሁሉ «ሞደም» ይባላል። በእርግጥ ግን አራት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ የሚለዩትም በጀርባቸው ነው። እርስዎ አሁን ያለዎት የኤዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት) ሞደም ጠበብ ያለ፣ የስልክ ገመድ ጫፍ ብቻ የሚገባበት ቀዳዳ አለው፤ አጠገቡ «ዲኤስኤል» ወይም «ላይን» ተብሎ ተጽፏል። የፋይበሩ ሳጥን፣ ቴክኒሻኖች ኦኤንቲ የሚሉት፣ አረንጓዴ ጫፍ ያለው ቀጭን ገመድ የሚሰካበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። የ4ጂው የሲም ካርድ ማስገቢያ ይኖረዋል። አራተኛው ራውተር ብቻ የሆነው ነው፤ ሰፋ ያሉ የኔትወርክ ኬብል ቀዳዳዎች እንጂ ሌላ የለውም፣ አንደኛው በቀለም ተለይቶ «ዋን» ይባላል። ይህ ዕቃ የስልክ መስመርም ፋይበርም በቀጥታ አይቀበልም፤ ሥራው ሌላ ሞደም ያመጣለትን ኢንተርኔት ማከፋፈል ነው። ያሳዩዎት ባለ አራት አንቴና ዕቃ ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም። በገበያው የተለመደውን የቲፒ-ሊንክ አርቸር ብንወስድ፣ የሞዴሉ መለያ በሲ ከጀመረ ራውተር ብቻ ነው፤ በቪአር ከጀመረ የስልክ መስመር ሞደም አብሮት አለ፤ በኤምአር ከጀመረ ሲም ይገባበታል። ካርቶኑ ተከፍቶ ጀርባውን ሳያዩ ብር አይቁጠሩ።

የወንድምዎ ነገር ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ «ሞደም» ተብሎ በብዛት የሚሸጠው በኬብል ቴሌቪዥን መስመር የሚሠራው ነው፤ ጀርባው ላይ የዲሽ ገመድ እንደሚታሰርበት ዓይነት የሚጠመዘዝ ክብ ጫፍ አለው። እዚህ ለቤት የሚዘረጋው ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ ወይም በፋይበር እንጂ በዚያ መንገድ ስላልሆነ ምንም ቢሠሩለት አይነሳም። ሲም የሚቀበለውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለሸጠው ድርጅት ኔትወርክ ብቻ ተቆልፎ ነው የሚመጣው። ባንዱም፣ ማለት ሞገዱ የሚሄድበት የድግግሞሽ ክልል፣ ይለያያል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው በዋናነት 2፣ 4፣ 12፣ 13 እና 66 ቁጥር ባንዶችን ይዟል፣ በእኛ የዓለም ክፍል የተለመዱት ግን 1፣ 3፣ 7፣ 8 እና 20 ናቸው። ዘመድ ጀርመን ካለ ሌላ ወጥመድ አለ። እዚያ ለዓመታት የተሸጡት የስልክ መስመር ሞደሞች ብዙዎቹ አኔክስ ቢ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ በእኛ ተራ የስልክ መስመር ላይ የሚሠራው አኔክስ ኤ ነው። በመጨረሻ አዳፕተሩን ያስነብቡ፦ «100–240» ካለ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፣ «120» ብቻ ካለ ገና ሲሰካ ይቃጠላል። ወንድምዎ መርዳት ከፈለጉ፣ ከታች የምንደርስበትን ባለ ሁለት ባንድ (2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ) ራውተር ቢልኩ ነው የሚጠቅምዎት። እሱን የትኛውም አገር ቢገዙት እዚህ ይሠራል፤ አዳፕተሩን ብቻ ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ዝናቡ። ጅማ ላይ ይህን ችግር በደንብ ማወቅ ይገባል፣ ዝናባችን የክረምት ብቻ አይደለምና። የስልክ መስመር ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ናቸው፤ ከማከፋፈያው እርስዎ ቤት እስኪደርሱ በምሰሶ ላይ፣ በሳጥን ውስጥ፣ በግድግዳ ላይ ብዙ ቦታ ተቀጣጥለዋል። መቀጠያው ውስጥ ውኃ ሲገባ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው ወይም ወደ መሬት ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሾልካል። ለድምፅ ይህ «ሽ...» የሚል ጫጫታ ብቻ ነው። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው ፈጠን ያለው የኤዲኤስኤል ዓይነት ግን በዚያው ሽቦ እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ ድረስ የሚደርስ ሞገድ ስለሚልክ ለዚህች ዝገት እጅግ ስስ ነው።

ጥፋቱ ከሞደሙ ይሁን ከመስመሩ በሁለት ፈተና ይለያል። የመጀመሪያው ገንዘብ አይጠይቅም፦ ዝናብ ሲጥል የቤት ስልኩን አንስተው አንድ ቁጥር ብቻ ይጫኑና ጸጥ ሲል ያዳምጡ። መንጫጫት፣ ጠቅ ጠቅ ማለት ወይም የሩቅ ሬዲዮ ድምፅ ከሰሙ ጥፋቱ ከሽቦው ነው። ሁለተኛው በቁጥር ነው። ከሞደሙ ዋይፋይ ጋር እንደተገናኙ ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለው ይጻፉ፤ አድራሻው የተለየ ከሆነ መግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ ካሉበት፣ ከሞደሙ ሥር ከተለጠፈው ወረቀት ያገኙታል። «ስታተስ» ከሚለው ገጽ ውስጥ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንዱ «ኤስኤንአር ማርጂን» ነው፤ መልእክቱ ጫጫታውን ለማለፍ ከሚበቃው በላይ የቀረው ትርፍ ማለት ነው። ከ10 ዲቢ (የሲግናል መለኪያ) በላይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ6 በታች ሲወርድ መቆራረጥ ይጀምራል። ሌላው «አቴንዌሽን» ነው፤ ሞገዱ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደደከመ ይነግራል። ከ30 ዲቢ በታች ከሆነ ለማከፋፈያው ቅርብ ነዎት፣ ከ50 በላይ ከሆነ ሩቅ። ፀሐይ ባለበት ቀን አንድ ጊዜ፣ ዝናብ እየጣለ አንድ ጊዜ ይጻፏቸው። ለምሳሌ ማርጂኑ በደረቁ 12 ሆኖ በዝናብ 4 ከገባ፣ የዓለም ውዱን ሞደም ቢያስገቡም ያው ነው።

ለኢትዮ ቴሌኮም ከማመልከትዎ በፊት ግን የራስዎን ቤት ሽቦ ያጣሩ። ስፕሊተሩን፣ የስልክ ማራዘሚያውን ሁሉ ነቅለው ሞደሙን ሽቦው ቤት ከሚገባበት የመጀመሪያው ሶኬት ላይ በአጭር ገመድ ብቻ ይሰኩት። በዚህ ከተሻለ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ኮርኒስ ውስጥ ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ያለፈ የቆየ ሽቦ፣ አይጥ የላጠው ገመድ፣ ወይም ያለ ስፕሊተር የተቀጠለ ሁለተኛ ስልክ ይሆናል። ስፕሊተሩ የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ የምትለይ ትንሽ ሳጥን ናት፤ ቤት ውስጥ ካሉት ስልኮች አንዱ እንኳ ካመለጣት ስልኩ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔት ይወድቃል። በዚህም ካልተሻለ 994 ደውለው ሲያመለክቱ «ኢንተርኔት አስቸገረኝ» ብቻ አይበሉ። «ስልኩም በዝናብ ጊዜ ይንጫጫል፣ ማርጂኑ ከ12 ወደ 4 ወርዷል» ይበሉ፤ እንዲህ ሲሆን ቴክኒሻኑ የትኛውን መቀጠያ መፍታት እንዳለበት እያወቀ ይመጣል።

ፈተናው መስመሩ ደህና ነው፣ ሞደሙ ግን አርጅቷል ካለዎት፣ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ እና አኔክስ ኤ የሚደግፍ ርካሽ ሞደም ይበቃዎታል። ቪዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ የሚሠራ ፈጣኑ ዓይነት) የተጻፈበትም ወደ ኋላ ተመልሶ ኤዲኤስኤልን የሚቀበል ከሆነ ይሠራል፤ ለዚያ ብሎ ብዙ መጨመር ግን አያዋጣም። የዚህ መስመር ጣሪያ በወረቀት 24 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው፤ ከማከፋፈያው 3 ኪሎ ሜትር ከራቁ ግማሹንም አያገኙም። ከዚህ የሚከፋው ወደ ላይ የሚልከው ነው፤ አንድ ሜጋ ቢት አካባቢ ነው። ከወንድምዎ ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ የእሳቸው ፊት ጥርት ብሎ እየታየዎት የእርስዎ ግን «ደበዘዘ፣ ቆመ» የሚሉዎት ለዚህ ነው። ይህን የሚቀይር የኤዲኤስኤል ሞደም የለም።

ስለዚህ ፋይበሩ በእውነት የሚገባ ከሆነ መጠበቅ ያዋጣል። በአሉባልታ አይጠብቁ፤ አገልግሎት ማዕከል ሄደው የቤትዎን አካባቢና የመደበኛ ስልክ ቁጥርዎን ሰጥተው «ለኛ ቅርብ የሆነው የፋይበር ሳጥን ላይ ነፃ ወደብ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ገመድ በምሰሶ ላይ አልፎ ማየት ብቻ ለእርስዎ ቦታ አለ ማለት አይደለም።

ለፋይበር የራስዎን ኦኤንቲ ከሱቅ አይግዙ። እያንዳንዱ ሳጥን ባለ 12 ምልክት መለያ ቁጥር አለው፤ ያ ቁጥር በአቅራቢው ዋና መሣሪያ ላይ ካልተመዘገበ መብራቱ ይበራ እንጂ ኢንተርኔት አይመጣም። በዚያ ላይ በገበያው ጂፖንም ኢፖንም የሚባሉ ሁለት የፋይበር አሠራሮች አሉ፣ መልካቸው አንድ ነው፣ አይተካኩም። ሁለተኛ እጅ ኦኤንቲ «በርካሽ» የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን ነው የጣለው። ለመስመርዎ የተመደበውን ይቀበሉ፣ ግን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ዋይፋዩ 5 ጊጋኸርዝ አለው ወይስ 2.4 ብቻ? የኬብል ቀዳዳዎቹ ጊጋ ናቸው ወይስ 100 ሜጋ? ስልክ ይሰካበታል? 2.4 ብቻ ቢሆንም አይዘኑ፣ ከኋላው በሚጨመር ራውተር ይታረማል።

የመግጠሚያው ቀን ግን አይመለስምና እዚህ ላይ ልቆይ። ቴክኒሻኑ ካልነገሩት በቀር ሳጥኑን ገመዱ ከውጭ በገባበት የመጀመሪያ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ያ ብዙውን ጊዜ በበር በኩል ያለው ሳሎን ጥግ ነው፤ ዋይፋዩ ግማሹን ለመንገዱ ይሰጣል። ቀደም ብለው ቤቱ መሃል ላይ፣ ከወለል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ያለ፣ ሶኬት ያለበት ቦታ ይምረጡ፤ ገመዱ የሚያልፍበትንም የፕላስቲክ ቱቦ ያዘጋጁ። ከምሰሶ የሚመጣው ገመድ ጥንካሬ እንዲኖረው የብረት ሽቦ አብሮት ሊኖር ይችላል። ያ ብረት ከውጭ ማሰሪያው ላይ ተለይቶ መቆረጥ አለበት፤ እስከ ሳጥኑ ድረስ ከገባ መብረቅን ይጋብዛል። ፋይበሩን በማዕዘን ላይ እንደ መብራት ሽቦ አያጥፉት፣ በሚስማርም አይጠርቁት። ከ3 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ባላነሰ ክብ ከታጠፈ ለየትኛውም የቤት ፋይበር ደህና ነው። የአረንጓዴውን ጫፍ አፍ በጣት አይንኩ፤ ዓይን የማያየው ቅባት ብርሃኑን ይጋርዳል። ቴክኒሻኑ ከመሄዱ በፊት በመለኪያው ወይም በሳጥኑ ገጽ ላይ የሚገባውን የብርሃን ኃይል እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፦ ከ-15 እስከ -25 ዲቢኤም መካከል ከሆነ አመስግነው ይሸኙት። ወደ -27 ከተጠጋ ዛሬ ቢሠራም ነገ በትንሽ አቧራ ይወድቃል፤ ጫፉ ይጠረግ ወይም እንደገና ይቀጠል። «ኤልኦኤስ» የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ካለ ብርሃኑ ጨርሶ አልደረሰም ማለት ነው፤ ሳጥኑን አጥፍቶ ማብራት ብዙም አይፈይድም።

ፋይበር ቅርብ ካልሆነ አንዱ አማራጭ ሲም የሚገባበት 4ጂ ነው። ሁለት አቅራቢ ስላለ፣ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም፣ ሞደሙን ከመግዛትዎ በፊት የሁለቱንም ሲም በስልክ ይሞክሩ። የሚሞከረው ግን ከሰዓት በኋላ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ በሚከፍትበት፣ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው። ሞደሙ ሊቀመጥ ባሰቡበት ክፍል ውስጥ ሆነው ለሦስት ምሽት ይለኩ። ጅማ ከፍና ዝቅ ያለች ከተማ ናት፤ በአዌቱ ወንዝ በኩል ዝቅ ያለ ቤትና ወደ ጅሬን ከፍ ያለ ቤት አንድ ዓይነት ሲግናል አያገኙም፣ ስለዚህ የጎረቤት ምስክርነት ለእርስዎ ቤት አይበቃም።

ሞደሙ ተገዝቶ ሲገባ በገጹ ላይ «አርኤስአርፒ» የሚለውን፣ ማለት የሚደርሰውን የሲግናል ጥንካሬ፣ ይመልከቱ። -90 እና ከዚያ የተሻለ (-80፣ -75) ጥሩ ነው፣ -100 ያስኬዳል፣ -110 ሲደርስ ተስፋ የለውም። አብሮት ያለው «ሲንር»፣ ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚነግረው፣ ከ13 በላይ ቢሆን ይመረጣል። ቆርቆሮ ጣሪያና የብረት መስኮት ሞገድን ይመልሳሉ፤ ሞደሙን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው በማዛወር ብቻ 10 ዲቢ ማግኘት ይቻላል፣ ይህም አሥር እጥፍ ኃይል ማለት ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር ቤቱን ይዙሩ። ሲገዙ ካቴጎሪ (የፍጥነት ደረጃ) 4 የሆነው እስከ 150 ሜጋ ይቀበላል፤ ካቴጎሪ 6 ሁለት ባንድ አጣምሮ እስከ 300። ካቴጎሪ 6 መግዛት ከቻሉ ምሽት ላይ ልዩነቱን ያዩታል። ሲግናልዎ ደካማ ከሆነ ግን ከካቴጎሪው ይልቅ የውጭ አንቴና መሰኪያ መኖሩ ይበልጣል፤ ኤስኤምኤ የሚባለው በመጠምዘዝ የሚታሰረው ጠንካራ ነው፣ ቲኤስ 9 የሚባለው የሚገፋው ትንሹ ግን ቶሎ ይላላል። በኪስ የሚያዝ ባለ ባትሪው ትንሹ ሞደም ለመንገድ እንጂ ለቤተሰብ አይሆንም፤ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ሲውል ባትሪው ያብጣል።

ሁለተኛው ችግርዎ፣ የሰርቪስ ክፍሎቹ ዋይፋይ፣ ከየትኛውም መስመር ጋር መፍትሔው አንድ ነው። የብሎኬት ግድግዳና መሃል ያለውን ግቢ አልፎ እንዲደርስ ሞደሙን በአንቴና ማጠንከር አይረዳም፤ ሞደሙ ቢጮህም የልጆቹ ስልክ መልሶ ለመጮህ አቅም የለውም። ግድግዳ ላይ የሚሰካው «ሪፒተር»ም የተቀበለውን በዚያው ሞገድ መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ይቆርጣል። የሚሠራው ገመድ ነው። ከሞደሙ እስከ ሰርቪሱ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ኬብል ይሳቡ፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል። ለውጭ ጥቁር ልባስ ያለውን ይምረጡ፤ ግራጫው የቤት ውስጥ ኬብል በፀሐይና በዝናብ በጊዜ ይሰነጠቃል። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርገው ይዩት፦ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ አይግዙት። ጫፉ ላይ ያን የወንድምዎን ባለ ሁለት ባንድ ራውተር ይሰኩና «አክሰስ ፖይንት» በሚለው አሠራር ላይ ያድርጉት። ያ ምርጫ ከሌለው ዲኤችሲፒውን (ለየስልኩ አድራሻ የሚያድለውን አሠራር) አጥፍተው፣ አድራሻውን ለምሳሌ 192.168.1.2 አድርገው (ሞደሙ 192.168.1.1 ከሆነ)፣ ኬብሉን «ዋን» ላይ ሳይሆን ከሌሎቹ ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ይሰኩት። ዲኤችሲፒውን ማጥፋት ከረሱ ሁለቱ ሳጥኖች አድራሻ በማደል ይጋጩና ቤቱ በሙሉ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ማለት ይጀምራል። 2.4 ጊጋኸርዙን ከ1፣ 6 እና 11 ቻናሎች በአንዱ ያድርጉት፤ ሞደሙ 1 ላይ ከሆነ ይሄኛው 6 ወይም 11 ይሁን።

ይህ ወጪ ከዛሬው ኤዲኤስኤል ጋርም፣ ነገ ከሚመጣው ፋይበር ጋርም ያገለግላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው ይኸው ኬብል ነው።

መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም እንዳይጠፋ ከፈለጉ፣ አብዛኞቹ ሞደሞች 12 ቮልት የሚወስዱ ስለሆነ «ሚኒ ዩፒኤስ» የሚባለው ትንሽ ባትሪ ይበቃል። አዳፕተሩ ላይ 12 ቮልትና 1 ወይም 1.5 አምፔር መጻፉን አይተው ተመሳሳይ ይግዙ፤ 9 ቮልት የሚሰጥ ከሆነ ሞደሙ ይበራና በየደቂቃው እየተነሳ ይወድቃል። በካርቶኑ ላይ 8800 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢልም ይህ የሚቆጠረው በባትሪው ውስጥ ባለው 3.7 ቮልት ነው፤ ወደ ኃይል ሲመለስ 32 ዋት ሰዓት ያህል ነው፣ ብክነቱ ተቀንሶ 9 ዋት ለሚበላ ሞደም ሦስት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ነጎድጓድ ሲጀምር ግን ዩፒኤሱም አያድንም፤ ከመብራቱ ሶኬት በተጨማሪ የስልኩን ሽቦ ይንቀሉ። ሞደም የሚቃጠለው በመብራቱ በኩል ብቻ አይደለም፣ ከምሰሶ በሚመጣው በዚያ የመዳብ ሽቦም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ አሮጌውን ሞደም ከመንቀልዎ በፊት። ከኋላው ያለችውን «ሪሴት» ቀዳዳ በመርፌ አይጫኗት። መስመርዎ የሚከፈትበት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ውስጡ ነው የተቀመጠው፤ አሥር ሰከንድ ከተጫነች ይጠፋሉ፣ አዲሱም ያለ እነሱ አይነሳም። ገጹን ከፍተው «ዋን» ወይም «ፒፒፒኦኢ» በሚለው ሥር ያለውን ስም ከነ «ቪፒአይ» እና «ቪሲአይ» ቁጥሮቹ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የይለፍ ቃሉ በነጠብጣብ ስለሚሸፈን ውል ሲገቡ ከተሰጠዎት ወረቀት ላይ ይፈልጉት፤ ወረቀቱ ከሌለ መታወቂያ ይዘው አገልግሎት ማዕከል ያስቀይሩት፣ ሞደሙንም ከዚያ በኋላ ይንቀሉት።